የተበላው የልክ ዘንግ

መንደሩ ፔካክ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ቤት ሠሪው ሩንዳህ ሦስተኛውን ሳቴ እያላመጡ ሳሉ ዓይናቸው እንጨቱ ላይ አረፈ፤ አፋቸውም ባለበት ቆመ። የሳቴ እንጨት መቼም ክብር የለውም። ከቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ የተከተፈ ሥጋ ይጠፈጠፍበታል፣ ፍም ላይ ይገላበጣል፣ ከዚያ ለውሻ ይወረወራል። ይኸኛው ግን ጠርዙ ላይ በቢላ ጫፍ የተበጣ ትንሽ ምልክት ነበረው። ምልክቱን የበጡት ደግሞ ራሳቸው ፔካክ ነበሩ።

“ይህን ቀርከሃ ከየት አመጣኸው?” አሉ፣ የጎረሱትን ሳይውጡ።

ፍሙን የሚያራግበው ቡዲያሳ ቀና አለ። “ኩሽናው ጥግ ቆሞ አገኘሁታ፣ ፔካክ። ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ያለ። እንዲህ ያለ እኮ ተፈልጎም አይገኝ። ሠላሳ አራት እንጨት ወጣው።” ምስጋና የሚጠብቅ ይመስላል።

ፔካክ ሥጋውን ዋጡት። ምን ያድርጉ፣ በሰው ቤት አይተፋ።

ቀኑ የጋሉንጋን በዓል ዋዜማ ነበር። በየግቢው አሳማ የታረደው ገና ሳይነጋ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ይከትፋል፣ ይጠፈጥፋል፣ ቀርከሃ ይሰነጥቃል። በዚህ ቀን እጅ የገባ ቀርከሃ ሁሉ የሳቴ እንጨት ነው፤ ይህን የማያውቅ የባሊ ሰው የለም። ፔካክም ያውቃሉ። ለአርባ አንድ ዓመት ሠራተኞቻቸውን፣ የልክ ዘንግ ሥራ ፈት እጅ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም እያሉ ሲቆጡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ላይ የሚተከለውን ረጅሙን የበዓል ቀርከሃ ሲያቆሙ ሰው አነሰና፣ ዘንጉን ለአንድ አፍታ ብለው ኩሽናው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሊያግዙ ሄዱ። በዚያው ረሱት።

ያ ዘንግ የዳርሳና ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ዳርሳና የቡዲያሳ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰው በሚያንሸራሽር ትልቅ መርከብ ላይ ምግብ ያበስላል። ባለፈው ፈቃዱ አዲስ ባለ ስድስት ምሰሶ ቤት እንዲሠሩለት ፔካክን ለመነ። እሳቸውም እንደ ልማዱ አንድ ማለዳ መባ አስቀርበው ክንዱን ያዙና፣ ከክርኑ እስከ እጁ አንጓ ያለውን ርቀት ቀርከሃ ላይ በቢላ በጡት፤ ይህ አንድ ልክ ይባላል። ከጎኑ የጠቋሚ ጣቱን ውፍረት በጡ፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ይባላል። ምሰሶው ዘጠኝ ልክ ነው ሲባል ዘጠኝ ልክ ተብሎ አይቆረጥም፤ ዘጠኝ ልክና አንድ ሕይወት ነው የሚቆረጠው። ሕይወት ያልተጨመረበት እንጨት ሬሳ ነው፤ ሬሳ ሥር ማን ይተኛል? ሜትር የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም። የዳርሳና ቤት በዳርሳና ክንድ ይሠራል፣ የጎረቤቱም በጎረቤቱ።

ስድስቱ ምሰሶዎችና ሁለቱ ረጃጅም አግዳሚዎች ተቆርጠው አልቀዋል። የቀሩት መደቡ፣ አጫጭሮቹ አግዳሚዎችና የጣሪያው ወራጆች ነበሩ፤ እነዚህ ሁሉ ከዘንጉ ይወጣሉ። ካህኑ ቤቱ እንዲቆም የመረጡት ቀን ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ያ ቀን ካለፈ ሌላ መልካም ቀን የሚገኘው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዳርሳና ለምረቃው መጥቶ፣ የተጋደመ እንጨት አይቶ፣ ወደ መርከቡ ተመልሶ ይሆናል። ፔካክ በዕድሜያቸው አንድም ቤት ከቀኑ አሳልፈው አያውቁም።

የሪስታ እናት፣ የዳርሳና ሚስት፣ ነገሩን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ለመነቻቸው፤ ባሏ ባሕር ላይ እያለ ቤትህ ሳቴ ሆነ ተብሎ እንዳይነገረው፣ ክፉ ምልክት ነው፣ እንቅልፍ አይወስደውም አለች። እሱን በስልክ የመጠየቁ መንገድ በዚሁ ተዘጋ። ለነገሩ ቢጠየቅስ ምን ይላል? ሃያ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ ይላል። ፔካክ ገደማ የሚባል ቤት ሠርተው አያውቁም።

ቡዲያሳ ጥፋቱን ሊያካክስ እጅጌውን ሰበሰበ። “የእኔን ክንድ ይውሰዱ። የአንድ እናት ልጆች አይደለን? ማን ያውቃል?”

“ቤቱ ያውቃል” አሉት ፔካክ። “በአንተ ክንድ ከሠራሁት የአንተ ቤት ነው። ወንድምህ ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ ይተኛበታል።”

እንግዲህ እዚህ ላይ ስለ መምህርቷ መናገር ግድ ነው። ፔካክ የሚኖሩት ከልጅ ልጃቸው ከአርሲኒ ጋር ነው። አርሲኒ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ ሒሳብ የምታስተምራቸው፣ እናት እንደ ማለት ቡ የሚሏት ካርሚኒ ከሰሜን፣ ከሲንጋራጃ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን የልጆቹን ማስመሪያ ሁሉ ሰብስባ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችና ከደነችው። በምትኩ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሌለው ጣውላ፣ ኮምፓስና ጠመኔ አደለች። እዚህ ክፍል ውስጥ የምንጠቀመው የምናውቀውን ብቻ ነው፣ የማናውቀውን ከምናውቀው እናወጣዋለን አለቻቸው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለፈው ማንም የማይከራከርበትን ነገር በመጻፍ ነው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥተኛ መስመር ይሰመራል፣ ከአንድ ነገር ጋር እኩል የሆኑ ነገሮች እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው፣ ከእኩል ላይ እኩል ቢነሣ የቀረው እኩል ነው።

እዚህ የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሱዋርዲካ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ እጁን አወጣ። “ቡ፣ ይህንንማ የእናቴ ዶሮም ታውቀዋለች።” ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ አልተቆጣችም። “እንግዲያው መቼ እንደሚያስፈልግ ዶሮዋን ጠይቃትና ንገረኝ” አለችው፤ “እስከዚያ አንተ ጻፈው።”

አርሲኒ ይህን እራት ላይ ስትነግራቸው ፔካክ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኩል ነገር እኩል ነው ብላ የምታስተምር ሴት ከሰሜን መጣችልን እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ወላጆችም ያጉረመርሙ ነበር፤ የሌላው ክፍል ልጆች ለፈተና መቶ ጥያቄ ሲሠሩ የእኛዎቹ ጠመኔ ይዘው ወለል ለወለል ይድሃሉ ይላሉ። አንድ ነገር ግን ፔካክን ከንክኗቸው ቀርቷል። ቁጥር የሌለው ጣውላ ለልጅ የምትሰጥ ሴት ይህን ከማን ተማረችው? ይህ የእሳቸው ሙያ አልነበረም እንዴ?

በዓሉ አለፈ። ፔካክ ስምንት ቀን ከእነዚያ ምሰሶዎች አጠገብ አልራቁም። ምሰሶ ለዘጠኝ መክፈል ለእሳቸው ጨዋታ ነው፤ ግን ዘጠኝ ልክ ብቻ አይደለማ፣ ሕይወቱም ውስጡ አለ። ሕይወቱን ካላወቁት ልኩ አይገኝም፤ ልኩን ካላገኙት ሕይወቱ አይታወቅም። አንዱን ለመያዝ ሌላውን ይፈልጋሉ፣ እንዲሁ ሲዞሩ ይመሻል። በዚያ ላይ ሕይወት የሚጨመር ነገር ነው። እሳቸው ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአያታቸው እንዲህ ተማሩ፤ ከእንጨት ላይ ሕይወት ስለመቀነስ የተናገረ ቀርቶ ያሰበ የለም። ምግብ አስጠላቸው። ዘንጉ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይገጥማቸው በጓሮ መንገድ መመላለስ ጀመሩ። ሰው ሲያገኝ ሰላምታ ለማይጨርስ ሽማግሌ ይህ ከረሃቡም የባሰ ነበር።

“ቡን እንጠይቃት” አለች አርሲኒ በዘጠነኛው ቀን።

“ምን ብዬ? ዘንጌን በላሁት ብዬ?”

“እሱንማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ፔካክ። የተደበቀ የሚመስልዎት ለእርስዎ ብቻ ነው።”

በማግሥቱ ጠዋት ፔካክ ንጹሕ ሽርጥ ታጠቁ፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው አሰሩ፣ ሁለት ስስ የቀርከሃ ስንጣሪ ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ አንደኛው በምሰሶው ርዝመት፣ ሁለተኛው በአግዳሚው ርዝመት የተቆረጠ ነው። ረጅሙ ከኋላቸው እየተወዛወዘ ባለሞተሮቹን ሁሉ አንገት አስደፋ። አርሲኒ ሃያ እርምጃ ቀድማ፣ የማታውቃቸው መስላ ትሄድ ነበር።

ያሰቡት መምህርቷን ለብቻዋ ጥግ ይዘው ሹክ ሊሏት ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታቸው ወንበር ካቀረበችላቸው በኋላ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋች፣ ሠላሳ አንዱን ልጅ ወለሉ ላይ ክብ አድርጋ አስቀመጠች። ፔካክን ላብ አጠመቃቸው። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ትምህርት ካቋረጡ ወዲህ ክፍል ውስጥ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

“የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩን፣ ፔካክ” አለቻቸው። “የማያውቁትን በኋላ አብረን እንፈልገዋለን።”

ነገሯቸው። የሳቴው ወሬ ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ሊስቁ አሰፈሰፉ፤ የመምህርቷን ፊት አይተው ተዉት። እሷ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረች። አጭሩ ሥር ዘጠኝ ልክና ሕይወት፣ ረጅሙ ሥር ዐሥራ ሦስት ልክና ሕይወት ብላ ጻፈች። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ልጆቹ ሰሌዳውን ያያሉ፣ ፔካክ ልጆቹን ያያሉ። አንዱ ምሰሶውን ለዐሥር እንክፈለው አለ፤ ጓደኛው ሕይወቱ እንደ ልኩ ይረዝማል እንዴ ብሎ አፉን አስያዘው። አንዷ ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው። እንደገና ጸጥታ ሆነ። ፔካክ እንዲህ ያለ ዝምታ አያውቁም። እሳቸው ሠራተኛ ግራ ሲገባው ዘንጉን ከእጁ ነጥቀው ራሳቸው ይለካሉ፤ ሥራው ይፈጥናል፣ ሠራተኛውም እንደ ደነቆረ ይቀራል። ይህች ሴት መልሱን ታውቀዋለች፣ ከዓይኗ ያስታውቃል። ግን አፏን አልከፈተችም። መልስ እያወቀ ዝም የሚል ሰው ፔካክ እስከዚያ ቀን አላጋጠማቸውም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በጎረቤት ፊት ባወሩት ያፈሩት።

“ሁለቱ ላይ እኩል የሆነ ነገር ታያላችሁ?” አለች በመጨረሻ፣ ይህንኑ ብቻ።

ሱዋርዲካ ከተቀመጠበት አንገቱን አሰገገ። “ሕይወቱ” አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል፣ “የምሰሶውም የአግዳሚውም ሕይወት አንድ ነው። የአንድ ሰው ጣት ነዋ።”

“እሺ?”

“እና ምሰሶውን አግዳሚው ላይ ብናስተኛውስ?” ብድግ አለ። አጭሩን ስንጣሪ ረጅሙ ላይ፣ ጫፍና ጫፉን አስተካክሎ አስተኛው። ከረጅሙ የተረፈውን በእግሩ ጣት ነካ አደረገ። “ይህ የተረፈው አራት ልክ ነው። አራት ብቻ። ሕይወት የለበትም።”

ፔካክ ከወንበራቸው ተነሡ። “ልጄ፣ ሕይወት አይቀነስም” አሉ፤ ድምፃቸው ሳያስቡት ጠነከረ።

ሱዋርዲካ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። መልሱን የሰጠችው ጠዋት በመንገድ ላይ የካደቻቸው አርሲኒ ናት። “ማንም አልቀነሰም፣ ፔካክ። ምሰሶው ሕይወቱን ይዞ ነው የተኛው። አግዳሚውም የራሱን እንደያዘ ነው። እኩሉ እኩሉ ላይ አረፈና የቀረው ልክ ብቻ ሆነ። ከእኩል ላይ እኩል ቢነሣ እኮ የቀረው እኩል ነው።”

ፔካክ ስንጣሪዎቹን አዩ። ሕይወቱ እዚያው ነበር። ማንም አልነካውም፤ ማንም ሳይነካው ከመንገዳቸው ዞር ብሎላቸዋል። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ቡ” አለ ሱዋርዲካ፣ “የእናቴ ዶሮ አሁን ገና ገባት።” በዚህ ጊዜ የሳቀችው መምህርቷ ብቻ ነበረች።

የቀረው ቀላል ሆነ። አራቱ ልክ ለሁለት፣ ሁለቱ እንደገና ለሁለት መከፈል ነበረባቸው። ፔካክ ገመድ አጥፈው ሊያሳዩአቸው ሲነሡ አንዲት ልጅ ገመድ ይለጠጣል ብላ በትሕትና መለሰቻቸው። ልጆቹ ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ ይዘው፣ ስፋቱን ሳይለውጡ፣ ከሁለቱም ጫፍ ቅስት ሠሩ፤ ቅስቶቹ የተቋረጡባቸውን ሁለት ነጥቦች በጣውላው አገናኙ። መሐሉ ወጣ። ፔካክ ጎንበስ ብለው መሐል መሆኑን በምን አወቃችሁ፣ ለካችሁት ወይ አሉ። ልጅቷ አስረዳቻቸው፤ ከዚህም ከዚያም ያለው ስፋት አንድ ነው፣ ስለዚህ ከዚህም ከዚያም ያለው ቅርጽ አንድ ነው። “ሌላ ሊሆን አይችልም” አለች፣ ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል ቀለል አድርጋ።

አንዱን ልክ ባገኙት ጊዜ በምሰሶው ስንጣሪ ላይ ዘጠኝ ጊዜ አራመዱት። ከዘጠነኛው በኋላ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ቀረች። ልጆቹ እየተሻሙ ጣታቸውን አስገቡባት፤ ለአንዱ ጠበበች፣ ለሌላው ሰፋች። ፔካክ የራሳቸውን ጣት አስተኙባትና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልኩን በወሰዱበት ማለዳ በእጃቸው የያዙት፣ የመባው ጭስ እያስነጠሰው ይቅርታ ይቅርታ ሲላቸው የነበረው የዳርሳና ጣት ነበር። ሰውየው ባሕር ማዶ ነው፤ ጣቱ ግን እነሆ፣ ወለል ላይ፣ በሁለት የጠመኔ ጭረት መካከል።

ደስታቸው ግን ልማዳቸውን አላስጣላቸውም። አግዳሚውም ላይ ይለካ አሉ። አርሲኒ ያው ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም አለቻቸው። እሳቸው ዓይኔ ካላየ አላምንም ብለው ተንበርክከው ዐሥራ ሦስት ጊዜ አራመዱ፤ ያችው ክፍተት ቀረች፣ ፀጉር ታህል አልተዛነፈችም። ደገሙት። ሠለሱት። ልጆቹ ሽማግሌን ለማክበር ጠበቁ።

“ይለኩ፣ መለካት አይከፋም” አለች መምህርቷ ብናኙን ከሽርጣቸው ላይ እያራገፈች። “እነሱ ግን አስቀድመው አውቀውት ነበር።”

ይህ ነገር መንገዱን ሙሉ አልለቀቃቸውም። እሳቸው አርባ አንድ ዓመት የሚያውቁት ከለኩ በኋላ ነበር። እነዚህ ገና አፋቸው ላይ ወተት ያልደረቀ ልጆች ሳይለኩ ያውቃሉ፤ ያሳወቃቸውም ያ እንባቸው እስኪመጣ የሳቁበት ነገር ነው። ቤት ከመግባታቸው በፊት በየጎረቤቱ ጎራ እያሉ ቀድሞ ያወሩትን መልሰው መሰብሰብ ጀመሩ። ስለ ጠመኔው ያጉረመረመ ወላጅ ሲያገኙም ቁመው ያፋጥጡት ነበር፤ ልጅህ የምትማረውን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነው ያገኘሁት ይሉታል።

ቤቱ በቀኑ ቆመ። ወራጆቹ አናታቸው ላይ ሲገናኙ አንዱንም መላጫ አልነካውም። ቡዲያሳ ሥራው እስኪያልቅ አዲሱን ዘንግ እንደ ሕፃን አቅፎ ሲዞር ሰነበተ፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀደም።

ዳርሳና ለምረቃው የመጣ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ፔካክ ወሬው ሳይቀድማቸው፣ በካህኑና በመንደሩ ሁሉ ፊት ተነሥተው ራሳቸው ነገሩት፤ ዘንጉን እንዳስበሉት፣ ከበሉትም አንዱ እሳቸው እንደሆኑ፣ አሁን እንደ ልማዱ ጣሪያው ሥር የሚሸጎጠው ዘንግ በትምህርት ቤት ልጆች የተገኘ መሆኑን። የሪስታ እናት መሬት መሬት ታይ ነበር። ዳርሳና ወደ አዲሱ ቤት ቀና አለ።

“እኔ በሌለሁበት የእኔ ክንድ መሆኑን በምን ልመን?” አለ።

“ጣትህን አምጣ።”

ፔካክ ዘንጉን ዘረጉለት። ሕይወትን በሚያሳዩት በሁለቱ ብጦች መካከል ዳርሳና ጠቋሚ ጣቱን አስተኛ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ቡዲያሳ ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራራ፤ ካህኑ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። ገጠመ የሚል ድምፅ ከፊት ተሰማና ወደ ኋላ እየተቀባበሉት ሄደ።

ፔካክ ሩንዳህ ማየት አላስፈለጋቸውም። ዓይናቸው በሩ አጠገብ ወደቆመችው ወደ ቡ ካርሚኒ ዞሮ ነበር። እሷም ወደ ጣቱ አልተመለከተችም። ረጋ ብላ ሳቴዋን ትበላ ነበር።